ሐረግ የሣልሁበት ኮምፒውተር

ሰኞ፣ ቢቸና

አልነሣም አለ። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። ጥቁር ገጽ፣ ከላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከጎኗ ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት። ሌላ ምንም። ይህን በእርሳስ እየጻፍሁ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ እርሳስን አከብራለሁ።

እዚህ ላፕቶፕ ውስጥ ያሉት የኔታ ናቸው። ሰውዬውማ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው፤ ቅኔያቸውን ማለቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸው በቃላቸው እየነገሩኝ፣ እኔ የድሮ ተማሪያቸው እየጻፍሁ አጠራቀምነው። ዘንድሮ መርሳት ጀምረዋል። የነገሩኝን ዳግመኛ ሊነግሩኝ አይችሉም። ቅጂ? የለም። «ነገ እገለብጠዋለሁ» ስል ከረምሁ።

ኃጢአቴን ልናዘዝ። ባለፈው ቅዳሜ የኔታ «ይህ ማሽን ሲነቃ መጀመሪያ የሚያነበው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አንድ ፋይል አለ፣ የኔታ። ሌላውን ሁሉ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው።»

«አናቱ ላይ ምን ተጽፏል?»

«እንዳትነኩኝ የሚል ማስጠንቀቂያ።»

«በስመ አብ የለውም?»

«የለውም፣ የኔታ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። የየኔታ ራስ መነቅነቅ ከአለንጋ ይብሳል።

ስለዚህ ትናንት ማስጠንቀቂያውን ደመሰስሁና በቦታው በስመ አብ ጻፍሁ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ! ግን አናቱ ባዶ የሆነ ጽሑፍ ያሳፍራል። ብራና ላይ እንደሚሣለው ጌጥ ከላይ ሐረግ ሠራሁለት፤ በቆልማማ ቅንፎች፣ አንዱ አንዱን አቅፎ፣ ከዳር እስከ ዳር። ያምር ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ያምር ነበር።

ማክሰኞ

የከተማችን ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት። አንዴ አየውና «ፎርማት ነው» አለ። ለእሱ ሁሉም ነገር ፎርማት ነው። ራሱን ያመመው ሰው ቢመጣበትም ፎርማት ሳያደርግ አይሰደውም።

«ውስጡ ያለውስ?»

«ንጹሕ ይሆናል» አለኝ፣ ክርስትና እንደሚያነሣ ሰው።

ጣቱ ወደ ቁልፉ ሲሄድ ነጥቄው ወጣሁ። ቻርጀሩን ረስቻለሁ። ተመለስሁ፣ ዓይኑን ሳላይ አነሣሁ፣ ሮጥሁ።

ከሰዓት የኔታ፦ «ቅኔዬ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፣ የኔታ።» ውሸት አንድ።

«ቅዳሜ ታነብልኛለህ። እኔማ እየሸሸኝ ነው።»

ምሳ አልበላሁም። ራትም እንጃ።

ረቡዕ

ትዕግሥትን በስልክ አገኘኋት። አብረን የተማርን ናት፤ አሁን ሞጣ ኮምፒውተር ታስተምራለች። የሰው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ሲያመጣብኝ ቫይረስ እምብዛም የማይደፍረውን ሊኑክስ የተባለ ሥርዓት የጫነችልኝ እሷ ነች።

«ምን ነካህበት?»

«ምንም።» ውሸት ሁለት።

«ፎርማት አስደረግኸው?»

«አላስደረግሁም።»

«ተመስገን። እንዳታበራው፣ ይዘኸው ና። ምናልባት ግን ዲስኩ ራሱ…»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ዲስኩ ራሱ ምን? ሠላሳ ጊዜ ደወልሁ። ዲስኩ ራሱ ምን ሆነ? ቀኑን ሙሉ ይህችን ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር ስጨርስ ዋልሁ። አንዱም አጨራረስ ደግ አይደለም።

ሐሙስ፣ ሞጣ

በጋቢ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ታቅፌው ተቀመጥሁ። መንገዱ ባነጠረን ቁጥር አንድ ቅኔ የረገፈ ይመስለኛል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አዘኑልኝ።

«ታሟል እንዴ ልጁ?»

«አልነቃ ብሎኝ ነው፣ እማማ።»

«እሱ ይማርልህ! ሞጣ ጥሩ ሐኪም አለ።»

«ወደ እሷው ነው የምወስደው።»

ደብረ ወርቅ ላይ ጋቢው ተገለጠ። አዩት። አማተቡ። ቦታ ቀየሩ።

ትዕግሥት ፈተና ላይ ስለሆነች ነገ ተባልሁ። አሁንም ፈራሁ። ሐረጉን ስታይ ምን ትለኛለች?

ዓርብ

ሙሉ ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ሰካችና በእሱ አስነሣችው። አንድ መስኮት ተከፈተ። ባዶ።

«የለም!» አልሁ።

«ዝም በል፣ ዲስክህን ገና አልከፈትሁትም።»

ከፈተች። «የኔታ» የሚለው ፎልደር ቁጭ ብሏል። ሁሉም አለ። ወንበር ፈለግሁ።

ቀጥላ የማስነሻውን ፋይል አወጣች። ወደ እኔ ዞረች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሐረግ።»

«ሐረግ!» እስክታነባ ሳቀች። «አንተ ደብተራ! ቅንፍ እኮ ለማሽን በር ነው። ይህን ሁሉ በር ከፍተህ አንዱንም አልዘጋኸው። እንዴት አድርጎ ይግባ?»

ከሁሉ የፈራሁትን ጠየቅሁ። «በስመ አቡ ነው ያበላሸው?» ነው ብትለኝ የኔታን በምን አፌ እነግራቸዋለሁ?

«እሱንማ ባይገባውም አልፎት ይሄድ ነበር። ያነቀው ጌጥህ ነው።»

ማሽኑ ራሱ ፋይሉን እንደ አዲስ እንዲጽፈው አደረገች። ያ «እንዳትነኩኝ» አናቱ ላይ ተመልሶ ጉብ አለ። ፍላሿን ነቀለች።

«አብራው።»

«አንቺ አብሪው።»

«ሠዓሊው ያብራ!»

ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንሁ። ተነሣ።

ቅጂውን በሦስት ፍላሽ አደረገችልኝ፤ አንዱ እሷ ዘንድ ቀረ። «ሐረግህን ከእንግዲህ ከውጭ ሣል» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ቢቸና

አነበብሁላቸው። ሦስተኛው ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ይህን የተቀኘ ማነው? ጎበዝ ነው።»

«እርስዎ ነዎት፣ የኔታ።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«እኔ? እስቲ ድገመው።» ደገምሁት። «አቁም። እዚህ ላይ ስተሃል» ብለው አንድ ቃል አረሙኝ። ተማሪ ሳለሁ ይህንን አንዱን ቅኔ ብቻ ጽፌበት የነበረውን ደብተር ገልጬ አየሁ፤ የሳትሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ተሳስቼ አላውቅም።

«በስመ አቡንስ ጻፍህበት?»

«ክዳኑ ላይ በወረቀት ለጥፌዋለሁ። ሐረግም አለው።»

በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ኮምፒውተሩ ምን ሆኖ እንደነበር አልነገርኋቸውም፤ ማንም አይንገርብኝ።

«ነገም ና» አሉኝ ስወጣ። «ማን ነህ ብልህም አንብብልኝ።»

ከደጃፋቸው እስከ ቤቴ አራት ጊዜ ኪሴን ዳሰስሁ። ፍላሹ አለ። አሁንም ዳሰስሁ። አለ።