አባባ ለስልኩ የዋሹት

ይድረስ ለማይጠገበው ወንድሜ፣ ለወንድምዓለም፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልክ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ትጮሃለህ? ሥራውስ፣ ብርዱስ፣ ያ ካንተ በላይ ባለው ፎቅ ሲደንስ የሚያድረው ጎረቤትህስ? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው። ይኼን አስቀድሜ የጻፍኩት የሚቀጥለውን ስታነብ ክው እንዳትል ብዬ ነው፤ ለማንኛውም ቁጭ ብለህ አንብበው።

የልብ ሕክምና የሚከታተሉበት ክሊኒክ አንድ አዲስ ነገር እየሞከረ ነው ብዬህ አልነበር? ገና ጀማሪ ስለሆነ የሰጡት ለጥቂት በሽተኞች ብቻ ነው፤ ለአባባም አንተ በላክህላቸው ስልክ ላይ ጫኑላቸው። ጠዋት ጠዋት የክሊኒኩ ሲስተር ድምፅ ከስልኩ ይወጣና እንዴት አደሩ፣ እግርዎ አብጧል ወይ፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል ወይ እያለ ይጠይቃል። እሳቸው በአፋቸው ይመልሳሉ፤ መልሱ ክሊኒክ ድረስ ሄዶ ሲስተሯ ታየዋለች። ከዚያ ስለ ጨው፣ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ አጠር ያለ ትምህርት ይሰጣል። ትምህርቱንማ እንዴት ወደዱት መሰለህ! አክስታችንን ጨው አበዛሽ እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጧት። እሷም በስተርጅና ተማሪ ቤት ገቡልኝ እያለች ትስቃለች።

እኔ ፀጉር ቤቱን ለመክፈት ማልጄ ስለምወጣ ከስልኩ ጋር ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ለሲስተሯ ስደውል የአባትሽ መልስ ሁሉ ጥሩ ነው ትለኛለች። እኔ ሞኟ ደግሞ ተመስገን ብዬ የሰው ፀጉር እተኩሳለሁ። ማታ ስገባ ብርድ ልብስ ለብሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አገኛቸዋለሁ። እዚያው ማደር ሲጀምሩ እንኳ ሬዲዮ ለመስማት መስሎኝ ነበር። ለካ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እያጠራቸው ኖሯል።

አንድ እሑድ ቤት ዋልኩ። ጓዳ ሆኜ ስሰማ ስልኩ እግርዎ አብጧል ወይ አላቸው። አባባ ኧረ ምንም የለብኝ ልጄ፣ እንደ ጎረምሳ ነው የምራመደው ብለው መለሱ። ብቅ ብዬ ባይ ብርድ ልብሱ ተገልጧል፤ ያ እግር፣ እግር አይባልም! ነጠላ ጫማው አልገባ ብሎ ጣታቸው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ደሜ ፈላ። ስልኩን ነጥቄ፣ ሲስተር ውሸታቸውን ነው፣ እግራቸው ተነፍቷል ብዬ ጮኽኩ። የተቀዳ ድምፅ መሆኑን ረስቼው እኮ ነው። እሱም እናመሰግናለን አለኝና ስለ ጨው ማስተማሩን ቀጠለ። አሁን ሳቄ ይመጣል፤ ያኔ ግን ስልኩን ከግድግዳ ጋር ያላላተምኩት አንተ የላክኸው ስለሆነ ብቻ ነው።

አባባን ከነብርድ ልብሳቸው ታክሲ ውስጥ ከትቼ ወደ ክሊኒኩ ከነፍኩ። ሐኪሙ ሰውነታቸው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል፣ ትንሽ ብትቆዩ ሳንባቸውን ያጥለቀልቀው ነበር አለኝ። አባባ ሊሞቱብን ነበር እኮ፣ ወንድምዓለም! አስተኝተው ውሃውን የሚያስወጣ መድኃኒት ሰጧቸው፤ የእግራቸው እብጠት ከቀን ወደ ቀን እየጎደለ፣ ትንፋሻቸው እየተመለሰ መጣ። ከትናንት በስቲያ ቤት ገቡ። ትናንት ከምሳ በኋላ በጀርባቸው ተዘርረው ሲያንኮራፉ ሰምቼ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው፣ አትደንግጥ።

ለምን እንደዋሹ ሲስተሯ ስትጠይቃቸው፣ ስልኩ የልጄ ነው፣ የሚደውልልኝም በሱ ነው፣ እዚያ ውስጥ የተናገርኩት ሁሉ ለሱም የሚደርሰው መስሎኝ ነው አሉ። ታመምኩ ካሉ ሥራህን ጥለህ የምትመጣ፣ ወይም በሰው አገር እንቅልፍ የምታጣ መስሏቸው! ለካ በየጠዋቱ ሲያወሩ የነበሩት ከአንተ ጋር ነው። ሲስተሯ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይኼን ነገር የሠራው መነጽራሙ ሰውዬም እዚያው ነበር፤ ሙከራ የሚባለው ለዚህ ነው፣ ይኼ በሕልማችንም አልመጣም ነበር አለ። አሁን ድምፁ ገና ሲጀምር የሚነግሩኝ ለሲስተር ብቻ ነው የሚደርሰው ይላል። እኔም ያየሁትን በራሴ ስልክ እንድናገር አድርገውልኛል። አባባ ሰላይ ተቀጠረብኝ እያሉ ያማርራሉ፤ ያማርሩ፣ ምን ቸገረኝ!

አክስታችን ሰላም በይልኝ፣ ጨው የሌለው ወጥ እየበላሁ ሰውነቴ አለቀ በይው ብላለች። ባለቤቴ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል። ልጄም ጉንጭህን ትስማለች። ለአባባ ደብዳቤውን አነበብኩላቸውና ማበጥዎን ልሰርዘው ወይ አልኳቸው። ተይው ይወቀው አሉ። ቀጥለውም፣ ናፍቆኛል ብለሽ ጨምሪበት አሉኝ። በዕድሜዬ ይኼን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዳሉት ጨምሬዋለሁ።

የምትወድህ እህትህ
ከአባባ አልጋ አጠገብ፣ ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን