ስለ ካምፕ አራት፣ ስለ ሬዲዮው ፕሮግራምና ስለ ፈረምሁት ወረቀት

ጥቅምት ፳፻፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አቶ አለምሰገድ፣
የጓንግ ዳር ሰሊጥ አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ገንዳ ውሃ።

ክቡር ሆይ፣

ያለፈው ክረምት ዝናቡም ወባውም ስብሰባውም ሳይጎዳዎ በሰላም እንዳሻገረዎ ተስፋ እያደረግሁ፣ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ በተለይም ከውጭ አገር ላስመጡት የሬዲዮ ሳጥን ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጆሮዬና ከኅሊናዬ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በመናኸሪያው ሰሌዳ ፊት ቆመው የሚያነቡ መንገደኞች ላያውቁኝ ስለሚችሉ፣ በእርስዎ ፈቃድ ራሴን ላስተዋውቅ። ገብረማርያም እባላለሁ። በሠራዊቱ ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርሁ፤ ሥራዬም በአጭርና በረጅም ድምፅ፣ ማለትም በነጥብና በሰረዝ የሚላከውን መልእክት በጆሮዬ እየሰማሁ በእጄ ፊደል ማድረግ ነበር። ጡረታ ወጥቼ ገንዳ ውሃ ከገባሁ በኋላ፣ ማኅበርዎ በተሰጠው ፈቃድ በቤቴ የፊት ክፍል ሬዲዮ ተክሎ ከእርሻ ካምፖቹ ጋር እንድገናኝ ቀጠረኝ። ከካምፕ ካምፕ ሬዲዮ ይዞ የሚዞረው ዋለ የድሮ ባልደረባዬ ነው። ክረምት ገብቶ መብረቁ የሰውን ድምፅ ከአየር ላይ ሲበላው፣ ዋለ በነጥብና በሰረዝ ይልክልኛል፤ እኔም ተቀብዬ ለእርስዎ አስተላልፋለሁ። ስልክ በማይሠራበት በረሃ ከስድስት መቶ የሚበልጥ አራሚና አጫጅ የታመነው በእነዚህ በሁለት ሽማግሌዎች መስመር ነበር።

ለእርስዎም ለማንም ያልነገርሁት ነገር ቢኖር፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ጆሮዬ መድከሙን ነው። በመጀመሪያ ቀጭኑን ድምፅ አጣሁ፤ ቀጥሎ ፈጣኑን። ዋለን ሁለቴ ሦስቴ እያስደገምሁ «አየሩ መጥፎ ነው» እያልሁ አመካኝ ነበር። አየሩ ምንም አልሆነም። ዕድሜዬን ሙሉ «ገብረማርያም ጉንዳን ሲሄድ ይሰማል» እየተባልሁ የኖርሁ ሰው፣ መስማት አቃተኝ ብሎ መናገር አሳፈረኝ።

ስለዚህ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ከጎንደር በአውቶቡስ ጭኜ አመጣሁና «ዘመናዊ አሠራር ልጀምር ነው» አልሁ። በየአገሩ ያሉ የአማተር ሬዲዮ ወዳጆች የሬዲዮን ፉጨት ወደ ፊደል የሚለውጥ ፕሮግራም ጽፈው በነፃ እንደሚያድሉ ከአንድ አሮጌ መጽሔት አንብቤ ስለ ነበር፣ ከኢንተርኔት ቤት ሦስት ዓይነት በሲዲ አስገለበጥሁ። አንደኛው ኮምፒውተሬን ከበደው፤ እሱ ተከፍቶ እስኪያልቅ አንድ ሎሪ ሰሊጥ ይራገፋል። ሁለተኛው የዓለም ካርታና የሰባት አገር ሰዓት በቀለም ያሳያል፤ ነገር ግን ማሽን የላከውን እኩል ምት እንጂ የዋለን የእጅ አመታት ማንበብ አልቻለም። ሦስተኛው መልኩ እንደ ሲሚንቶ ግራጫ ነው። ፊደሉን እሱም ይስታል። ዳሩ ግን ከፊደሉ በላይ ድምፁን ራሱን በሥዕል ያሳያል፦ ነጥቡ አጭር ብርሃን፣ ሰረዙ ረጅም ብርሃን ሆኖ በስክሪኑ ላይ ያልፋል። ዋለ የጠዋት ሰላምታውን ሲልክ፣ የኮምፒውተሩን ማይክሮፎን ከሬዲዮው ድምፅ ማጉያ ፊት ደቅኜ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላስደግም ተቀበልሁት፤ በዓይኔ። ብቻዬን ስለ ነበርሁ ማልቀሴን ማንም አላየም።

የቀረው ሬዲዮውን ከኮምፒውተሩ በወጉ የሚያገናኘው ነገር ነበር። ተራ ገመድ ሰካሁበት፤ የጄኔሬተሩ ጉምጉምታ አብሮ ገባና ፕሮግራሙ ትርጉም የሌለው ፊደል በሰልፍ ይደረድር ጀመር። ያን ጊዜ ነው የመተማ ዮሐንሷ ኩብራ የደረሰችልኝ። ኩብራ ድንበር ተሻግሮ የሚመጣ ሬዲዮና ቴፕ የምትጠግን፣ ሁለት ልጆቿን በዚሁ ሥራ የምታሳድግ ሴት ናት። ከተጣለ ስልክ ውስጥ ትንሽ ትራንስፎርመር ነቅላ፣ በሳሙና መያዣ ውስጥ አስቀምጣ፣ በግራና በቀኝ ገመድ አወጣችለት። ድምፁ ያልፋል፤ የጄኔሬተሩ ጣጣ ግን እዚያው ይቀራል። ለድካሟ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነጥብና ሰረዝ እንዳስተምራት። በአራት ወር ውስጥ በወጣትነቴ የነበረኝን የሚያህል ጆሮ አወጣች።

አሁን ክቡርነትዎን ወደማመሰግንባቸው ነጥቦች ልሻገር።

፩ኛ. ሐምሌ ላይ ቤቴ ድረስ መጥተው መሣሪያዎቹን ስለ ጎበኙልኝ አመሰግናለሁ። የሳሙና መያዣውን በሁለት ጣትዎ አንሥተው፣ «ጋሽ ገብረማርያም፣ የእኛ ማኅበር በሳሙና ዕቃ ይሠራል ሊባል ነው? ይሄ ግራጫ ነገርስ ምንድን ነው? በነፃ የሚሰጥ ነገር ደግሞ ምን ይረባል?» አሉኝ።

«ለኮምፒውተሩ ስለሚቀል ነው» ብዬ መለስሁ።

እውነተኛው መልስ «ያለ እሱ አልሰማም» የሚል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥሁት። እርስዎም ለኮምፒውተሩ የሚቀለውን ትተው ለማኅበሩ የሚያምረውን መረጡ፤ ያልነገርሁዎትን ባለማወቅዎ አልወቅስዎትም። በሳሙና መያዣው ፈንታ ከውጭ ያስመጡት ሳጥን በመጣ ጊዜ ግን ዘጠኝ ጥርስ ያለው መሰኪያው በኮምፒውተሬ ላይ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረም፤ ለእሱ ሌላ መቀጠያ፣ ለመቀጠያው ደግሞ ሌላ ሲዲ አስፈለገ። የራሱ ፕሮግራም ያለቀ ፊደል ብቻ እንጂ የድምፁን ሥዕል አያሳይም። ድምፁ ሲደክምም የፊደሉን መጨረሻ ይሸርፋል፤ ሰረዙን አሳጥሮ ነጥብ ያደርገዋል። የላኩት ባለሙያ «እንዳይጋጩ» ብሎ ግራጫውን ፕሮግራም ሲያጠፋው አጠገቡ ቆሜ ነበር። «እንዴት ነው ጋሼ?» ሲለኝ «በጣም ያምራል» አልሁት።

፪ኛ. ነሐሴ ላይ በቤቴ ስላደረጉት የምረቃ በዓል አመሰግናለሁ። ከጎንደር የመጡ ባለሀብቶች በፊት ክፍሌ ተደርድረው፣ እርስዎ ስለ ቴክኖሎጂ እየተናገሩ ሳለ ረፋዱ ላይ የዋለ ጥሪ ገባ። ስክሪኑ በላቲን ፊደል እየተንጠባጠበ ጻፈ፦ ካምፕ አምስት፣ እባብ ሰው ነድፏል፣ መኪና ላኩ።

በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ኩብራ፣ «ጋሼ፣ አራት ነው» አለች። «መጨረሻው ሰረዝ ነው። ወላሂ ሰምቼዋለሁ፣ ካምፕ አራት ነው።»

አንባቢ እንዲረዳልኝ፣ በእኛ ቋንቋ አምስት ቁጥር አምስት ነጥብ ነው፤ አራት ቁጥር ደግሞ አራት ነጥብና አንድ ሰረዝ። ልዩነታቸው የመጨረሻዋ ምት ብቻ ናት።

እርስዎ ፈገግ ብለው፣ «እመቤቴ፣ ማሽኑ አምስት ነው የሚለው» አሏት። ወደ እኔም ዞረው፣ «ባለሙያው እርስዎ ነዎት ጋሽ ገብረማርያም። ስንት ሰሙ?» አሉኝ።

ምንም አልሰማሁም ነበር። የመላኪያው ቁልፍ ከእጄ ሥር ነው፤ ዋለን «ድገም» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ያ ሁሉ እንግዳ ያየኛል። ያች ያስተማርኋት ሴት ሰምታ እኔ ሳልሰማ መቅረቴ ሊታወቅ ነው።

«አምስት ነው» አልሁ። ለዋለም «ደርሶኛል» ብዬ ላክሁለት።

እንግዶችዎ አጨበጨቡ። መኪናው ሲነሣ ኩብራ ቀረብ ብላ «ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ዋለን ይጠይቁት» አለችኝ። «ተይ በቃ!» ብዬ በሰው ፊት ተቆጣኋት። ከዚያ ለምሳ ወደ ሆቴል ስንሄድ፣ ነዳጅ እንዳይባክን ብለው ጄኔሬተሩን አስጠፉት። ዋለ መኪናው ሲዘገይበት ለሁለት ሰዓት ያህል ደጋግሞ ጠራኝ፤ የጠራው የጠፋ ሬዲዮ ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት ከእርስዎ በስተቀኝ ተቀምጬ ጥብስ እበላ ነበር።

ካምፕ አምስት ከጓንግ ማዶ ነው፤ ካምፕ አራት ከወዲህ። መኪናው ወንዙን ተሻግሮ ሰው ሁሉ ደህና ሆኖ አገኘ፤ ሊመለስ ሲል ጓንግ ሞላበት። ዋለ ተስፋ ሲቆርጥ የተነደፈውን ሰው በትራክተር ተሳቢ ላይ አስተኝቶ በጭቃው ውስጥ ይዞት ወጣ፤ ገንዳ ውሃ የደረሱት በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነው። ሰውየው አምባው ይባላል፤ ለአረም ከጎጃም የመጣ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነው። ጎንደር ሐኪም ቤት ነፍሱን አተረፉለት፤ ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

፫ኛ. ስለ ሪፖርቱ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥሩ አማርኛ አንብቤ አላውቅም። «በአንዲት ግለሰብ ያልተፈቀደ ገመድ ምክንያት በተከሰተ የሞገድ መዛባት» ይላል። ያ ገመድ የዚያን ዕለት ከምንም ነገር ጋር አልተገናኘም፤ በሳሙና መያዣው ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ነበር። ይህን እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። የማኅበሩ ሰዎች የኩብራን መበየጃና መለኪያ ከሱቋ ወስደው ቆለፉበት፤ የማኅበሩ አባላትም ሬዲዮ እንዳያሠሯት ተነገራቸው። ሪፖርቱን «የሙያ ምስክር» በሚለው ቦታ ላይ የፈረምሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ብዕሩን ሲያቀብሉኝ «ለስምዎም ይሻላል» ነበር ያሉኝ፤ ለስሜ የተሻለ መስሎኝ ፈረምሁ።

አራተኛ ብዬ የምቆጥረው በእርስዎ ላይ የለኝም። ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ነው።

መስከረም ላይ አምባው ኮኪት ከአንድ ያገሩ ልጅ ቤት ማረፉን ሰምቼ ሄድሁ። ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል በመንገድ ሙሉ ሳዘጋጅ ነበር የሄድሁት። እሱ ግን ሁሉን ነገር አስጨርሶ ከሰማኝ በኋላ፣ «አባቴ፣ ጆሮዬ አይሰማም ቢሉ ያን ቀን ምን ይጎድልብዎ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። በጋቢው ጉልበቱን ሸፈነ። ያመጣሁለትን ብርቱካን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያ መተማ ዮሐንስ ወረድሁ። ኩብራ ሱቋ ውስጥ በተዋሰችው መበየጃ ትሠራ ነበር። ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ ይህም ከስድብ ይልቅ ከበደኝ።

«ጆሮዎ መድከሙን በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቅሁት» አለችኝ። «ሲያስተምሩኝ እኔን ሳይሆን ስክሪኑን ነበር የሚያዩት። እስኪነግሩኝ ነው የጠበቅሁ።»

«ይቅር በይኝ ኩብራ» አልኋት።

«እዚህ ማንም በሌለበት ምን ያደርግልኛል ጋሼ? የፈረሙት በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ይናገሩት።»

እነሆ፣ ክቡር ሆይ፣ በሰው ፊት እየተናገርሁ ነው። የሰማው ጆሮ የኩብራ ነበር፤ የዋሸው አፍ የእኔ ነው። በሪፖርቱ ላይ ያኖርሁትን ፊርማ ሰርዤ፣ የሆነውን ሁሉ ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ለዋለም እውነቱን ነግሬዋለሁ፤ እሱም «ከእንግዲህ ማንም ቢቀበለኝ ሦስት ሦስት ጊዜ እልካለሁ» አለኝ። ሥራዬን ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄአለሁ። አጨዳው ተጀምሯል፤ ካምፖቹ በሰው ተሞልተዋል። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ የኩብራን ዕቃ ከይቅርታ ጋር እንዲመልሱላት፣ አምባው በማኅበሩ ሥራ ላይ ሳለ የተጎዳ ሰው መሆኑን እንዲያምኑለት፣ በዚያ ሬዲዮ ፊትም የሚሰማ ሰው እንዲያስቀምጡ ነው። ኩብራን ጠይቄአት ነበር፤ «ለእሳቸው አልሠራም» ብላለች። አልፈረድሁባትም።

ጊዜዎን ስለ ወሰድሁ፣ ስምዎንም በአደባባይ ስላነሣሁ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለማኅበርዎ ጥሩ ምርት፣ ለሰሊጡ ጥሩ ገበያ፣ ለእርስዎም ያለ ጭብጨባ የሚያልፍ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

ትናንት የእርስዎ የሙያ ምስክር፣ ዛሬ ማንም ሳይጠራው በራሱ ላይ የሚመሰክር፣
ገብረማርያም፣ ጡረተኛ የሬዲዮ ኦፕሬተር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ መሆኑን የሰሙት ጸሐፊዎ ትናንት ቤቴ መጥተው፣ «ነገሩን በእርጅናዎ ቢያሳብቡት ለሁላችንም ይቀላል» ብለው መክረውኛል። ስለ ምክራቸው ያመስግኑልኝ። ነገር ግን እርጅና የወሰደው ጆሮዬን ብቻ ነው፤ ወረቀቱን የፈረመው እጄ ጤነኛ ነበር። የእርስዎም ፊርማ ከእኔ ፊርማ በላይ አለ፤ እርስዎ ደግሞ ገና አርባ ሁለት ዓመትዎ ነው።