ስለ ተቆለፈበት ጃኬትና ስለ ስምንቱ ነጎድጓዶች

ለክቡር ሚስተር ሆሬስ ላቲሞር
የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርና የልጆቻችን ጆሮ ጠባቂ
ደቡብ ብሮንክስ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ የደም ግፊትዎ፣ በተለይም ጉሮሮዎ እንዴት ነው? ማክሰኞ ዕለት ወላጆችን ሰብስበው ስለ ራፕ ሙዚቃ ያን ያህል ሲጮኹ ከኋላ ወንበር ሆኜ ስላዳመጥኩዎት ድምፅዎ አሳስቦኛል። እኔ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ፀጉር የምሠራው ኦዴሳ ግሪምቦል ነኝ። ሐሙስ ሊያባርሯት የቀጠሯት የአሥራ አምስት ዓመቷ ሮሼል የወንድሜ ልጅ ናት። ደጅዎን ብጠና ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች ስለመለሰችኝ፣ ስብሰባዎን ላለማወክ ስል ይህን ደብዳቤ በፀጉር ቤቴ መስኮት ላይ ለጥፌዋለሁ። ሰፈሩ እያነበበልዎት ነው።

አንደኛ፣ ምስጋና ላቅርብ። ራፕ ሥሩ የወሮበሎች ቡድን መሆኑን ስላስተማሩን እግዜር ይስጥልን፤ እኛ እዚሁ ተወልደን ያደግን ሰዎች ይህን ሣሩ ከተከረከመ ሰፈር በመኪና ከሚመጡት ከእርስዎ ባንሰማ ከማን እንሰማ ነበር? እውነትዎን ነው፣ ሥሩ እዚያው ነው። የሮሼል አባት፣ ወንድሜ ክሊቮን፣ ጀርባው ላይ የቡድኑ ስም የተሰፋበት ጃኬት ነበረው። ያኔ የሌላ ሰፈር ልጆች ከያዙህ ጃኬትህን አውልቀህ መስጠት ነበር ደንቡ። ክሊቮን አላወልቅም አለና ፓርኩ አጥር ሥር በቢላ ወግተው ገደሉት። ሮሼል አንደኛ ክፍል ነበረች።

ሁለተኛ፣ ወደዚያው ፓርክ ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ ቢሉ ምን ነበረበት? ልጆቹ ከመንገድ መብራቱ ምሰሶ ሽቦ ስበው (ይህን እንዳልሰሙ ይሁኑልኝ) የዘፈን ሸክላ ያሽከረክራሉ፣ የቤተ ክርስቲያን እናቶች ዓሣ ይጠብሳሉ፣ ሁለት ልጆች ደግሞ ማይክ እየተቀባበሉ በግጥም ይሰዳደባሉ። ዳኛው ሕዝቡ ነው። ያ የጃኬት ደንብ አልሞተም፤ የተሸነፈው አውልቆ ይሰጣል፣ ያሸነፈው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ለብሶት ይመልስለታል። የሚደርስ ጉዳት ቢኖር ብርድ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሮሼል «ስምንቱ ነጎድጓዶች» ከሚባል የራፕ ቡድን አንድ ልጅ ገጠማት። ስምንት ይባሉ እንጂ ሦስት ናቸው፤ አንዱን ደግሞ እናቱ ሲመሽ አታስወጣውም። ልጁ ነብር ነኝ፣ አንበሳ ነኝ ብሎ ደረቱን ሲነፋ ሮሼል ከላይ እስከ ታች አየችውና እንዲህ አለችው፦

ኮሌታህ ተተኩሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤
ግጥምህ ግን ምስኪን፣ ከትናንት ታሟል።

ክቡር ሆይ፣ ፓርኩ በሳቅና በጩኸት ፈረሰ ማለት ይቻላል። ዓሣዬ ከእጄ ወደቀ። የመዘምራኑ መሪ እማማ ኤርነስቲን «ጌታ ሆይ ይቅር በላት፤ አንቺ ልጅ፣ እስቲ ድገሚው» አሉ። ልጁ ራሱ እየሳቀ ጃኬቱን አውልቆ ሰጣት። ወንድሜ በሞተበት አጥር ሥር ጃኬት ወለቀ፣ ማንም አልሞተም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ እንደ እብድ ጨፈርኩ፤ እስካሁንም ደስታው አልለቀቀኝም።

ሦስተኛ፣ ሰኞ ዕለት ለብሳው ስትመጣ ጀርባዋ ላይ «ነጎድጓድ» የሚል አንብበው ጃኬቱን ነጥቀው ቁም ሣጥንዎ ውስጥ ስለቆለፉበት ንቃትዎን አደንቃለሁ። የማን እንደሆነ ሲጠይቋት «አልናገርም» አለችዎት። አሸናፊ የተሸናፊውን ስም አሳልፎ አይሰጥም፤ ይህም ደንብ ነው። እርስዎ ግን የወሮበላ ምስጢር ነው ብለው የማባረሪያ ክስ አደረጉት። ደግሞም «ወጣቶች ይህን ጩኸት ለምን እንደሚወዱት አይገባኝም» ብለዋል። ቤት ውስጥ «ዝም በይ»፣ ክፍል ውስጥ «ዝም በይ» ስትባል የኖረች ልጅ ማይክ ስትይዝ ሰፈሩ በሙሉ ዝም ብሎ ያዳምጣታል፤ ይኸው ነው። እርስዎም ማክሰኞ ማይክ ይዘው ነበር፤ እኛ ግን ሰዓታችንን ነበር የምናየው።

አራተኛው ቅሬታዬ የፀጉርዎን አቆራረጥ የሚመለከት ስለሆነ ለብቻችን ስንሆን ይሻላል።

ልመናዬ አንድ ነው። ሮሼልን ካባረሯት የሚቀበላት ትምህርት ቤት የለም። መንገዱ ግን እጁን ዘርግቶ ይቀበላታል፤ እዚያ ያሉት ደግሞ ጃኬት የሚያስወልቁት በግጥም አይደለም። አንዴ ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልችልም። ሐሙስ ይህን ያስቡልኝ።

ጉሮሮዎን ማር በሎሚ እየጠጡ እንዲያስታምሙ እየተማጸንኩ፣ ስለ ትጋትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የዘወትር አክባሪዎ
ኦዴሳ ግሪምቦል

ማስታወሻ፦ በእኛ ሰፈር የጂንስ ጃኬት ኮሌታ የምትተኩስ እናት የለችም። ቁም ሣጥንዎን ይክፈቱና ኮሌታውን ገልብጠው ያንብቡት፤ አንዲት ጥንቁቅ እናት የልጇን ስም በሰማያዊ ክር ጠልፋበታለች። የአባቱን ስም ለማንበብ መነጽር አያስፈልግዎትም፤ በቢሮዎ በር ላይ በየቀኑ ያዩታል። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያኖ ልማር ነው እያለ ከቤት እንደሚወጣም ሰምቻለሁ። ትናንት በዝናብ በሸሚዝ ብቻ እየተንቀጠቀጠ ፀጉር ቤቴ መጥቶ፣ እናቱ ሳታውቅ ጃኬቱን እንድትመልስለት ሮሼልን ለመናት። እሷም «እኔ ጋ የለም፤ ሂድና አባትህን ጠይቅ» አለችው። እስካሁን አልጠየቀዎትም መሰለኝ።