ድምፅ ከሌላት ደንበኛ የተጠየቀ የድምፅ ማረጋገጫ

ይድረስ ለሞባይል ስልክ ድርጅታችን ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለጉሮሮዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ጉሮሮን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር ይቀርባል። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ስሠራ ተራ ቁጥር የሌለው አቤቱታ ሰሚ ሲያገኝ አይቼ ስለማላውቅ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ልማዱ አልለቀቀኝም። ተራ ቁጥር ያለውም ሰሚ ሲያገኝ ያየሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ አይጠይቁኝ።

በቅድሚያ ባለቤቴን ላስተዋውቅዎ። ሃያ ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማረች፣ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ እየጻፈችም ቢሆን ከመጨረሻው ወንበር የሚያንሾካሹከውን ተማሪ በስሙ የምትጠራ ሴት ናት። ድምጿ ከወጥ ቤት ተነስቶ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ ጎረቤቱንም በመንገዱ ሰላም ብሎ እኔ ያለሁበት ይደርስ ነበር። ከሰባት ወር በፊት ሐኪሞች ጉሮሮዋ ውስጥ መቆየት የሌለበት ነገር አገኙና በሳምንቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ነፍሷ ተረፈች። ድምጿ አልተረፈም።

እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ይቅር ይበለኝና፣ ጋዜጣዬን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። በሁለተኛው ሳምንት ያነበብኩት አልገባ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት መነጽሬ ጠፍቶብኝ ቤቱን ሳምስ ዋልኩ። ድሮ ቢሆን ከሌላ ክፍል ሆና «ግንባርህ ላይ ነው!» ትለኝ ነበር። አሁን ግን የያዘችውን ጥላ፣ እጇን አድርቃ፣ እኔ ድረስ መጥታ ግንባሬን በጣቷ መታ መታ አደረገችኝ። ከዚያ ሁለታችንም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለን አለቀስን።

የባለቤቴ የእህት ልጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። መላው የተገኘው ከእሷ ነው፦ የጻፉትን አማርኛ ጮክ ብሎ የሚናገር ፕሮግራም። በራሷ ስልክ ስታሳየን ባለቤቴ ተቀብላ ጻፈች፤ ስልኩም ዜና አንባቢ በሚመስል የተረጋጋ ድምፅ «ይህ ሰው ዛሬም ሸሚዙን አልቀየረም» አለ። እንደዚያ ቀን ተሰድቤ ተደስቼ አላውቅም።

ችግሩ የባለቤቴ ስልክ ነበር። ከድርጅትዎ መደብር ከተገዛ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጭረት የለበትም፣ ባትሪው ቀን ያውላል፤ ነገር ግን ፋብሪካው አዲስ ሲስተም መላክ ስላቆመ ፕሮግራሙን አይቀበልም። ደግነቱ፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ለዚሁ ስልክ አዲስ ሲስተም ሠርተው በነጻ አስቀምጠዋል። ይህን ለመጫን ቡትሎደር የሚባለውን መክፈት ያስፈልጋል። ቡትሎደር ማለት ስልኩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ ነቅቶ ማን እንደሚገባ የሚወስን ዘበኛ ነው ብላ ልጅቷ አስረድታኛለች። ፋብሪካው ራሱ ባለንብረቱ ሲፈልግ ዘበኛውን ማሰናበት እንደሚችል በግልጽ ጽፏል።

«አዲስ ስልክ ለምን አትገዙም?» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ማስታወቂያዎ በቀን ስድስት ጊዜ ይለናል። ባለቤቴ ለዚህ በደብተሯ መልስ ሰጥታለች፦ «ስልኬ ጤነኛ ነው። የታመምኩት እኔ ነኝ።» አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ።

፩ኛ. ልጅቷ ቅዳሜ መጥታ ልትሠራው ተቀጣጠርን። ሐሙስ ዕለት «ለደህንነትዎ ሲባል ስልክዎን አሻሽለናል» የሚል መልእክት ከድርጅትዎ ደረሰን፤ እኛም ሞኞቹ አመሰገንን። ቅዳሜ ልጅቷ ላፕቶፗንና ገመዷን ይዛ መጥታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ስልኩን ነካካች፤ ደጋግማ ነካካች። ቡትሎደሩን የሚከፍተው ምርጫ ስክሪኑ ላይ ግራጫ ሆኖ ጣት አልሰማ ብሏል።

«ጋሼ፣ ቆልፈውታል» አለችኝ።

«እነማን?»

«የስልክ ድርጅቱ። ሐሙስ በላኩት ማሻሻያ።»

«ስልኩ የማን ነው?»

«የአክስቴ ነዋ።»

«ቁልፉስ?»

«የእነሱ።»

ክቡርነትዎ፣ ቤት የሸጠልኝ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ሳልሰማው ገብቶ የመኝታ ቤቴን ቁልፍ ቀይሮ «ለምቾትዎ ነው» የሚል ወረቀት ትቶልኝ ቢሄድ ለፖሊስ እደውል ነበር። ለእርስዎ ግን ምስጋና ነው የማቀርበው፤ የወጥ ቤቱን አልነኩብንምና።

፪ኛ. ልጅቷ ወደ ደንበኞች አገልግሎት መሥመርዎ ደወለች። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ጋበዛችሁን፤ ሙዚቃው ጥሩ ነው፣ ያው አንዱ ሆነ እንጂ። በመጨረሻ አንድ ጨዋ ወጣት ተገኘና የመክፈቻ ጥያቄ የሚቀርበው በባለንብረቷ የድምፅ ማረጋገጫ ብቻ መሆኑን አስታወቀ።

«አክስቴ እኮ ድምፅ የላቸውም» አለችው።

«ገብቶኛል እህቴ። ግን በድምፃቸው ማረጋገጥ አለባቸው።»

«ድምፅ ስለሌላቸው እኮ ነው የምንጠይቀው!»

«ገብቶኛል።»

በዚያ ጥሪ አሥራ አንድ ጊዜ «ገብቶኛል» ተብሏል። እንዲህ ብዙ ጊዜ ገብቶት እንዲህ ምንም ያልገባው ሰው ማሠልጠን ቀላል ሥራ እንዳልሆነ ስለምረዳ ለአሠልጣኞቹ ያለኝን አድናቆት ያድርሱልኝ።

፫ኛ. ሰኞ ጠዋት ባለቤቴና እኔ ወደ ቅርንጫፍዎ ሄድን። የወረፋ ቁጥራችን ሰማንያ ስምንት ነበር። ወንበሮቹ በብሎን ከወለሉ ጋር ታስረዋል፤ እነሱንም ለደህንነታቸው ይመስለኛል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር በስልክ እየተሳሳቁ ሲያወሩ ያሳያል፤ ድምፁ ግን ተዘግቷል። ባለቤቴ ማስታወቂያውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

ተራችን ሲደርስ መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ የባለቤቴን ደብተር አነበበች፣ አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳም አየች። የመስኮቷን ቁጥር አልጽፍም፤ ድርጅትዎ እንዴት አድርጎ እንደሚያመሰግናት እገምታለሁና። «እማማ፣ ከዚህ ሆኜ ማሳለፍ አልችልም፤ እስቲ ማሽኑን እንሞክረው» አለችና የማረጋገጫውን መሥመር ደውላ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው።

«እባክዎ ሙሉ ስምዎን በግልጽ ይናገሩ» አለ ማሽኑ።

ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አፏን ከፈተች። የወጣው አየር ብቻ ነበር።

«አልሰማንዎትም። እባክዎ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።»

ወረፋ የያዙት ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ። እንደገና ሞከረች፤ የአንገቷ ጅማት ሲገተር አየሁ።

«አልሰማንዎትም። እባክዎ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።»

ከኋላችን የጠፋ ሲም ካርድ ሊያስተካ የተሰለፈ በያጅ ነበር፤ እጅጌው በብልጭታ የተበሳሳ ትልቅ ሰውዬ። አላስቻለውም፤ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ «ኧረ በፈጠረሽ፣ ሴትዮዋ ድምፅ የላቸውም!» ብሎ ጮኸ።

«እናመሰግናለን» አለ ማሽኑ። «የተናገሩት ስም ከመዝገባችን ጋር አይመሳሰልም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴም ሳቀች፤ ያለ ድምፅ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ሰዎች ከዚያ በኋላ አላረፉም። አንድ ሹፌር የራሱም ስልክ በዚያው ሐሙስ መቆለፉን ተናገረ፤ አንዲት ፀጉር ሠሪ አሮጌ ስልኳን ለእናቷ አሠርታ ልትሰጥ ስትል እንደተዘጋባት አወራች። «የኔን እኔ ካልከፈትኩት ለምን ሸጡልኝ?» የሚለው ጥያቄ ከአራት አቅጣጫ ቀረበ። የጥበቃ ሠራተኛው ጸጥታ ሊያስከብር መጥቶ፣ ነገሩን ሰምቶ፣ የራሱን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ «ይሄስ ተቆልፎ ይሆን?» ብሎ ጠየቀ።

መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ግን ኮምፒውተሯን ስታገላብጥ ቆይታ «እማማ፣ ከዚህ በፊት ደውለው ያውቃሉ?» አለች። ባለቤቴ ተመለከተችኝ። ደውላ ታውቃለች! ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር፣ ያልጠየቅነው አገልግሎት በተመዘገበልን ቁጥር ትደውል ነበር፤ እናንተም እያንዳንዱን ጥሪ ለአገልግሎት ጥራት ስትቀርጹ ኖራችኋል። የመስኮቷ ልጅ የማረጋገጫውን መሥመር እንደገና ደውላ አንዱን ቀረጻ ከፈተችው።

«ስሜን ነው እንደገና የምትጠይቂኝ የኔ ልጅ? አራተኛ ጊዜዬ እኮ ነው! በይ ጻፊ!» አለ የባለቤቴ ድምፅ፤ ቀጥሎም ስሟን እስከ አያቷ ድረስ፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ ሰሌዳ ትምህርት ተናገረች።

ወንበሩ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ደግነቱ ወንበሩ ከወለሉ ጋር የታሰረ ነው። ባለቤቴ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ቆመች። ድምፁን ከሰማን ስድስት ወር ገደማ ሆኖን ነበር፤ በቤታችን አንድ ቅጂ እንኳ አልነበረንም፤ ሁልጊዜ አብሮን የሚኖር ነገር ይቀረጻል ብሎ ማን ያስባል?

«እናመሰግናለን» አለ ማሽኑ። «ድምፅዎ ተረጋግጧል። መልሱን በደብዳቤ እናሳውቅዎታለን።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ክቡርነትዎ፣ በአካል የቆመችውን ሴት መልሶ ቀረጻዋን የሚያስገባ ጥበቃ ስለዘረጉልን፣ ወደፊት ሌቦች ሲመጡ የት እንደሚሰለፉ እንዲያውቁ ምልክት ቢለጠፍ መልካም ነው።

፬ኛ. ደብዳቤዎ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ደረሰን። «ክብርት ደንበኛችን፣ ስልክዎ በድርጅታችን በኩል የተሸጠ በመሆኑ ለደህንነትዎ ሲባል የመክፈቻ አገልግሎት አይሰጠውም» ይላል። ከታች «ለተጨማሪ ማብራሪያ ደውለው ያነጋግሩን» የሚል አለ። አጭርና ግልጽ ነው።

ባለቤቴ አንብባ ስትጨርስ ጫማዋን አደረገች። እኔም ተከተልኳት። በቀጥታ የሄደችው ወደ በያጁ ነው፤ ሥራ ቦታው ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ እንደሆነ ያን ዕለት ነግሮን ነበር፤ በእጁም የያዘው የእሷን ዓይነት ስልክ እንደነበር እኔ አላየሁም፣ እሷ ግን አይታለች። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓይነት፤ ልዩነቱ የእሱ የተገዛው ከገበያ ስለሆነ የእርስዎ ማሻሻያ አይደርሰውም። በያጁ ብረት የሚለካበትን ጠመኔ አንስታ የቆመው ላሜራ ላይ «እንለዋወጥ?» ብላ ጻፈች።

«እማማ፣ የኔ እኮ መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ጠርዙንም ብልጭታ በልቶታል» አለ ሰውዬው ግራ ገብቶት። «የእርስዎ እንደ አዲስ ነው። ይጎዳሉ።»

እሷም ጻፈች፦ «የኔ የኔ አይደለም።»

በያጁ ላሜራውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ስልኩን ሰጣት። «እኔ ከማውራት በቀር ምንም አልሠራበትም» አለ፤ የተናገረው ነገር ትርጉሙ ዘግይቶ ገባውና አቀርቅሮ ይቅርታ ጠየቀ። ባለቤቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። የራሷን ስልክ ሰጥታ የራሷ የሆነ ስልክ ያገኘችው እንዲህ ነው። የእህቷ ልጅ የፋብሪካውን ፈቃድ ተከትላ የተሰነጠቀውን ስልክ ስትከፍተው የቀረበላት ሻይ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

እዚህ ላይ ከልቤ የማመሰግንዎት አንድ ነገር አለ። የባለቤቴን የተቀረጹ ጥሪዎች ቅጂ በጽሑፍ ስንጠይቅ ድርጅትዎ አርባ አንዱንም ሰጥቶናል። ልጅቷም ከእነዚያ ጥሪዎች የአክስቷን ድምፅ ለፕሮግራሙ አስተማረችው። ይሁንና አርባ አንዱም አቤቱታ ስለሆኑ፣ ድምፁ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ስሜት ብቻ ነው። «እንደምን አደርክ» ስትለኝ ኔትወርኩን ያጠፋሁት እኔ እመስላለሁ። በመጀመሪያው ቀን ጎረቤታችን ተጣልተናል ብለው ሊያስታርቁን መጡ፤ ድምፁን በሩ ላይ ሆነው ሲያውቁት ግን የመጡበትን ረስተው እልል አሉ።

በዚያው ቀን ከወጥ ቤት ጠራችኝ። ሰምቻለሁ። ሁለተኛ እስክትጠራኝ ግን ሆን ብዬ ዝም አልኩ።

እኛ እንግዲህ ተወጥተነዋል። የሹፌሩ፣ የፀጉር ሠሪዋና የጥበቃ ሠራተኛው ስልኮች ግን ዛሬም እንደተዘጉ ናቸው፤ ሁሉም በያጅ አላገኙም። ስለዚህ የሸጡትን ነገር ሸጠውታልና ለገዙት ሰዎች እንዲለቁላቸው በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለድርጅትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት፣ ለትዕግሥታችን ያለኝን ጥልቅ አድናቆትና ለቀጣዩ ማሻሻያዎ ያለኝን ጥልቅ ሥጋት በአንድነት እየገለጽኩ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ ኮፍያዬን አውልቄ እሰናበታለሁ።

የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣
የአንዲት ሒሳብ መምህርት ባል

ግልባጭ፦
ለበያጁ
እንዲያውቁት ለጎረቤታችን

ማስታወሻ፦ የላኩልን ደብዳቤ በባለቤቴ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ያገኙት ከአሥር ሁለት ነው። ከጎኑ እንደሚያነቡት፣ መልሱን ብቻ ጽፈው አሠራሩን አላሳዩም፤ ሁለቱ ነጥብም የተሰጠው ቀኑን በትክክል ስለጻፉ ነው። በወላጅ አስፈርመው እስከ ዓርብ ይመልሱ።