የእማ ደረት ዝም ሲል

መካነ ሰላም፣ ኅዳር ፲፱፻፷፯

ለወንድሜ ለጀላል፣ ካለህበት የጦር ሰፈር ድረስ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ አልከዳንም፤ ገብሱ በጠዋት ጉም ውስጥ ቆሞ ሲታይ ሕልም ይመስላል።

እማን ድንገት ላብ ሲያጠምቃት፣ ፊቷ አመድ ሲመስል፣ «ደረቴ ውስጥ ፈረስ ይጋልባል» ትል እንደነበር ታስታውሳለህ። ጎረቤቱ ሁሉ ዛር ነው ይል ነበር። ለረሃቡ እርዳታ የመጣ ሐኪም ግን ሲነሳባትም ሲተዋትም የደም ግፊቷን ለክቶ፣ በልዩነቱ ተገርሞ አዲስ አበባ ላከን።

ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ ከተማው ወታደር በወታደር ሆኗል፤ ሁሉም አንተን ይመስሉኝ ነበር። ሆስፒታል የሙሉ ቀን ሽንቷን አጠራቅመው መረመሩ። «ከኩላሊቷ በላይ ሆርሞን የሚረጭ እጢ አለ፤ ልቧን የሚያስጋልበው እሱ ነው። በየት ጎን እንደሆነ እንፈልገዋለን» አሉኝ። ደም ስሯ ውስጥ መድኃኒት ጨምረው ራጅ ሲያነሱ፣ በግራ በኩል ደመና እንደሸፈናት ጨረቃ ሆኖ ታየ። በቀዶ ጥገና አወጡት። እማ ስትነቃ ደረቷን ዳብሳ፣ «ዝም አለ እኮ!» አለችኝ።

የሆስፒታሉ ሐኪም «ይህ እጢ አንዳንዴ በዘር ይሄዳል፤ ስንት ልጆች አሏት?» ሲለኝ «እኔና ወንድሜ» አልኩት። እኔን እዚያው መረመረኝ፤ ደህና ነኝ።

አንተስ፣ በልምምድ ላይ ራሴን ይወቅረኛል፣ ላብ ያጠምቀኛል ያልከኝ ተወህ? ሙቀቱ ይሆናል። ብቻ ፈቃድ ጠይቅና ቶሎ ና፤ እማ ናፍቃሃለች። አዲስ አበባ ድረስ መጥቼ እቀበልሃለሁ። የሆስፒታሉን ሐኪም ሰላም ብለነው አብረን አገራችን እንገባለን።

አላህ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ፈትሂያ