ውኃ የማይነካቸው ችግኞች

ጋሼ፣ ሥራህ ፋታ ከሰጠህ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

ለዕፅዋት ሳይንስ ማስተርስ እያመለከትኩ ነው። ለማመልከቻው ድርቅ የሚችል ማሽላ ልለይ ብዬ፣ ሦስት ሳምንት ውኃ የማይነካቸው ችግኞች ጓሮ ደርድሬ ነበር። አባዬ አጠጣቸው። ስነግረው «ምን ነካኝ ልጄ!» ብሎ ደነገጠ። እንደገና ጀመርኩ፤ በማግስቱ እንደገና አጠጣቸው። «ውኃ እንዳይነካቸው» የሚለውን ሰሌዳ የጻፈልኝ እኮ ራሱ ነው፤ ዕድሜውን ችግኝ ጣቢያ የፈጀ ሰው።

ለአንተማ በስልክ «አለሁ፣ ምን እሆናለሁ» ይልሃል፤ አንተም ተመስገን ብለህ ትዘጋለህ።

ቅጹ «መቼ መጀመር ይችላሉ?» ይላል። አልሞላሁትም። አንተ መቼ እንደምትመጣ ስትጽፍልኝ እሞላዋለሁ።

አባዬ ሰላም በይልኝ ብሎሃል። ይኼን ጽፌ ሳልጨርስ ደግሞ፣ ሰላም በይልኝ አለ።

እህትህ