ወደ በሽሎ ማዶ የተሻገሩት ሲስተር ሠናይት ባዩ

ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ፀሐይ ስትጠልቅ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ ሲስተር ሠናይትን በስማቸው የተጣራው ማን ነበር? አያታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ ይሻው የሕክምና ጉዞውን መሪ ጠየቁ፣ የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ፣ በመጨረሻም ወንዝ አሻጋሪውን ጠየቁ። አውቃለሁ ያለ አልተገኘም። የሰው ታሪክ ከልደቱ ነውና የሚጀመረው፣ የእሳቸውም ከዚያው ይጀመራል።

ሲስተር ሠናይት ከአባታቸው ከአቶ ባዩ ሙሉቀንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዝናሽ ዓለምነው መጋቢት 27 ቀን 1982 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ከተማ ተወለዱ። ወራቸው ሳይገባ በመወለዳቸው ይተርፋሉ ያለ አልነበረም። አያታቸው በጥጥ ጠቅልለው፣ ከደረታቸው ለጥፈው፣ ሰማንያ ቀን ሞልቷቸው ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ነፋስ ሳያስነኩ አቆዩአቸው። በ1993 ዓ.ም. ወላጅ እናታቸው ታናሽ እህታቸውን እመቤትን በወለዱ በሳምንቱ ዐረፉ፤ አባታቸውም በ2004 ዓ.ም. በሕመም ተለዩ። ሁለቱንም ልጆች ያሳደጉ አያታቸው ናቸው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደብረ ታቦር ተከታትለው በ2003 ዓ.ም. በአዋላጅ ነርስነት ተመረቁ። በምረቃው ዕለት ሌላው ሰው ፎቶግራፍ ሲነሣ አያታቸው የሚኒባሱን ሾፌር ይዘው ቀስ ብሎ እንዲነዳ አደራ ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ በገጠር ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎም በከተማው አገልግለዋል። የሥራ ባልደረቦቻቸው እንደሚናገሩት፣ ሲስተር ሠናይት ሁለተኛ ተጠርተው አያውቁም። ስማቸው ከጠሪው አፍ ሳይጨረስ «አቤት» ብለው ብድግ ይላሉ፤ ምሳ እየበሉም ቢሆን፣ እየጸለዩም ቢሆን። ትዳር አልመሠረቱም። አያታቸው በየበዓሉ ነገሩን ባነሡባቸው ቁጥር እሳቸው «ከዚህ ጉዞ መልስ» ይላሉ፤ ጉዞው ግን ማለቂያ አልነበረውም።

ጉዞ የተባለው፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከሰንበት ትምህርት ቤታቸው የጤና ባለሙያዎች ማኅበር ጋር ክረምቱ በወጣ ቁጥር ወደ ስማዳ ቆላ፣ ወደ በሽሎ ዳር መንደሮች የሚወርዱት ነው። መኪና የሚደርሰው እስከ ደጋው ጫፍ ነው። ከዚያ መድኃኒቱ በበቅሎ ተጭኖ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ ሐኪሞቹ ከኋላ ሆነው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ከሾላ ዛፍ ሥር ጸሎት ተደርሶ ምርመራው ይጀመራል። ክርስቲያኑም ይመጣል፤ ከማዶ ያለው እስላሙም ይመጣል። አያታቸው በየጉዞው አጎበርና ነጭ ሽንኩርት ጠቅልለው ይሰጧቸዋል፤ እሳቸው ግን ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። አጎበሩ የት ገባ ሲባሉ «ወላድ ላይ ተሰቅሏል» ነበር መልሳቸው።

በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ከወንዙ በኩል ስምህ ቢጠራ በመጀመሪያው አቤት አይባልም። በጎማ ላይ እንጨት አስረው ሰው የሚያሻግሩት አቶ ሙላቴ ጥቅምት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ቆላ ለወረዱት የማኅበሩ አባላት ይህንኑ አስጠነቀቁ። «ሰው ከሆነ ይደግማል። እስኪደግም ዝም በሉ።»

የጉዞው መሪ ዶክተር ደረጄ፣ እንግዲያው እንደ አበዳሪ ሰው የሆነ የለም፣ መቶ ጊዜ ይደግማልና ብለው አሳቁ። ሲስተር ሠናይት ግን አልሳቁም። «አንዴ ለመጣራት ብቻ አቅም የቀራት ወላድ ብትሆንስ፣ አያ ሙላቴ?» አሉ። አቶ ሙላቴ ጎማቸውን ወደ ማሰር ተመለሱ።

በማግስቱ ጥቅምት 12 ቀን፣ ድንኳኑ እየተተከለ ሳለ ከማዶ «ሠናይት!» የሚል ድምፅ መጣ። አልተደገመም። ሁሉም ሰምተው ሁሉም ዝም አሉ። እሳቸው «አቤት!» ብለው የማዋለጃ ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ ውሃው ወረዱ። አቶ ሙላቴ ተዉ ቢሏቸው እንቢ አሉ፤ ብቻቸውን ሊገቡ ሲሉ ጊዜ በግዳቸው አሻገሯቸው።

ከማዶ ዳሩ ላይ ማንም አልነበረም። ወደ ላይ ሲወጡ መብራት የታየበት ቤት ደረሱ፤ ሩቅያ የምትባል ሴት ምጥ ጸንቶባት፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ደሟ እየፈሰሰ ነበር። ልጁን በሰላም አዋለዱ፤ እናቲቱም ተረፈች። ነገሩ ከበረደ በኋላ የሩቅያን አማት እናንተ ናችሁ ወይ የጠራችሁኝ ብለው ጠየቋቸው። ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው «እኛ መች ጠራን ልጄ? ገና ሰው ልንልክ ስንል በሩ ላይ ቆመሽ አየንሽ» አሏቸው። ስማቸውንም የሚያውቅ በዚያ መንደር አልነበረም። አጎበራቸውን ለሩቅያ ሰቅለው፣ ከቤቱ ደጅ በነበረ ዳስ ውስጥ ያለ አጎበር አድረው ተመለሱ።

ወደ ደብረ ታቦር በገቡ በሁለት ሳምንት ወባ ጣላቸው። መድኃኒቱን ጨረሱ፤ ደማቸው ተመርምሮ ነጽቷል ተባለ። ሰውነታቸው ግን አልመለስ አለ። ቤቱ ጭጭ ባለበት ሰዓት ወደ በሩ ዞረው «አቤት» ይላሉ። ማን ጠራሽ ሲባሉ «አልሰማችሁም እንዴ?» ብለው እነሱኑ መልሰው ይጠይቃሉ። ከዚያ ወዲህ አያታቸው በዚያ ቤት ማንም ሰው ማንንም አንድ ጊዜ ብቻ እንዳይጠራ አዘዙ። እመቤትም «እማማ፣ እማማ» ማለት ያዘች፤ ጎረቤቱም ከደጅ ሆኖ ሁለት ሁለቴ መጣራት ለመደ። አስታማሚው ሁሉ እርስ በርሱ ይሳሳቃል፣ ሆኖም ያዘዙትን ያደርጋል። በሽተኛዋ ግን ሁለቴ ለተጠራው አይነሡም ነበር። የሚነሡት ለዚያ ለማይሰማው ነው።

ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ እመቤት ውሃ እያጠጣቻቸው ሳለ እጇን ቀስ አድርገው ገፉና «አቤት፣ መጣሁ» አሉ። በተወለዱ በ32 ዓመታቸው በዚያው ዐረፉ።

ለቀብሩ ትናንት ማታ ከቆላ የደረሱት አቶ ሙላቴ የጠሪው ድምፅ የወንድ ነበር ወይስ የሴት ተብለው በአያታቸው ተጠየቁ። «የሲስተርን የራሳቸውን ድምፅ ነው የሰማሁ» አሉ። የሩቅያ ልጅ ደኅና እንደሆነ፣ በማዶ መንደር ወራቸው የገባ ሌሎች ሴቶች እንዳሉና ማኅበሩ አዋላጅ እንደቸገረውም አክለው ተናገሩ። እመቤት ይህን በር ላይ ቆማ ሰማች።

ከሲስተር ሠናይት ኋላ በሕይወት የቀሩት አያታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ ይሻውና በዩኒቨርሲቲ የአዋላጅ ነርስነት ትምህርቷን ዘንድሮ የምታጠናቅቀው እህታቸው እመቤት ባዩ ብቻ ናቸው። ሴት ልጃቸውን የቀበሩ፣ ዛሬ የልጅ ልጃቸውን የሚቀብሩ አያት የቀረቻቸው አንዲት እመቤት ናት። ወደዚያ ወንዝ እንዳትወርድ በእናቷ ዐፅም ለምነዋታል። እሺም እንቢም አላለችም። ለቀስተኞችም እንድትመክሯት ትለመናላችሁ።

አቤቱ ጌታችን ሆይ፣ የጠራሃቸው አንተ ከሆንህ ነፍሳቸውን ከደጋግ አገልጋዮችህ መካከል አስቀምጥልን። የጠራቸው ሌላ ከሆነም ከእጁ አውጥተህ ለራስህ ውሰዳቸው። እጃቸው ላይ የተወለዱት ሕፃናት ሁሉ ምስክር ይሁኑላቸው። አሜን።

ይህ ጽሑፍ ዛሬ ማለዳ ሲገባደድ እመቤት ከአያቷ አጠገብ ተቀምጣ የእህቷን ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ድንገት እጇን አቆመችና ቀና ብላ ወደ በሩ አዳመጠች። በቤቱም በደጁም የተናገረ ሰው አልነበረም። አያቷ ስሟን ጠሯት፤ ደግመው ጠሯት። ዞራም አላየቻቸው። ልብሱን ከጭኗ አውርዳ ተነሣች፣ ጫማዋን አደረገች፣ የእህቷን የማዋለጃ ቦርሳ አንሥታ ከቤት ወጣች።